ከማጠኛ ወይራ እስክሪብቶ

እንጨት በቶርኖ እያዞሩ እስክሪብቶ መሥራት በአውሮፓና በአሜሪካ ጡረተኛውም ተማሪውም ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር የትም አገር አንድ ዓይነት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የእንጨት ቶርኖ ግዛ፣ የእስክሪብቶ ኪት እዘዝ፣ ኪቱ የሚፈልገውን ፑንታ፣ ዘንግና ቀለበት ጨምርበት፣ ከዚያ ጀምር። ምክሩ ለተሰጠበት አገር ትክክል ነው። አቃቂ በሰቃ ሲደርስ ግን ሰውን ገና ሳይጀምር ተስፋ ያስቆርጠዋል። ኪቱ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይለመንበታል፣ አንዷ ቁራጭ ብትጎድል ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው ነገሩን አይቶ «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። እስክሪብቶ ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ከባዶቹ፣ ማለትም ቀጥ ያለ ቀዳዳ የሚበሳ ማሽን፣ ማሽኑን የሚያውቅ ሰውና ጠንካራ እንጨት፣ አቃቂ ውስጥ አሉ። የሌለው ኪቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለጀማሪ አያስፈልገውም።

ኪት የሚባለው ምን እንደሆነ ማየት ክርክሩን ያቀልለዋል። በጣም የተለመደው ዓይነት ሁለት ቀጫጭን የናስ ቱቦዎች፣ የፊት ሾጣጣ ጫፍ፣ መሃል ላይ የሚገባ ቀለበት፣ የኋላ ቆብና ኪስ ላይ የሚሰካ መያዣ፣ እንዲሁም ቀለሙን አዙሮ የሚያወጣና የሚያስገባ ትንሽ ስልት ይዟል። ሠሪው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት፣ 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን እንጨት ለሁለት ይቆርጠዋል፤ በ7 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበሳዋል፤ ቱቦውን በማጣበቂያ ይተክልበታል፤ ጫፎቹን ከቱቦው እኩል አድርጎ ያቃናል፤ ከዚያ በቶርኖ ዘንግ ላይ ሰክቶ ከላይ ያለውን እንጨት እስኪሳሳ ድረስ ይፍቀዋል። በመጨረሻም ብረታ ብረቱን በሞርሳ ቀስ እያለ ይጫነዋል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሠሪው በእጁ የሠራው የላይኛውን የእንጨት ልብስ ነው። የሚጽፈው፣ የሚዞረውና የሚያብረቀርቀው ከፋብሪካ የመጣ ነው። ይህን ስል ኪት የሚጠቀመውን ለማሳነስ አይደለም፤ ያ ቀጭን የእንጨት ግድግዳ ሳይሰነጠቅ እንዲወጣ ማድረግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ያለው እንጨቱ ላይ ከሆነ፣ ትምህርቱን ለመጀመር ብረታ ብረቱን መጠበቅ ምን አመጣው?

ወደ አቃቂ እንምጣ። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ አቃቂ የደረሰው ግን ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1915 ነበር። ከዚያ ወዲህ ባቡሩን ተከትለው፣ በኋላም የደብረ ዘይትን መንገድ ይዘው ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያው፣ ቃሊቲ ላይ የብረታ ብረቱ። ፋብሪካ ባለበት የሚሰበር ዘንግ አለ፤ ዘንግ የሚሰበርበት ሠፈር ደግሞ ያለ ቶርኖ ቤት አይውልም። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በር ከፍተው የሚሠሩት ጋራዦች፣ የብረት በርና መስኮት ሠሪዎች፣ የቶርኖና የአናጢ ቤቶች የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው። በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው የኮንዶሚኒየም ቤት ሲበዛ የቁምሳጥንና የበር ሥራው አብሮ በዛ፤ ከዚያ ሥራ የሚወድቀው ቁራጭ እንጨት ማገዶ ሆኖ ያልቃል። ለእስክሪብቶ የሚበቃው እንግዲህ ያ ነው፤ የእጅ ጣት የሚያህል ቁራጭ።

እዚህ ላይ የሙያ ሰው ተቃውሞ ያነሳል። የአቃቂ ቶርኖዎች አብዛኞቹ የብረት ቶርኖ ናቸው፤ የእንጨት ቶርኖ ያላቸው የአልጋ እግርና የደረጃ መደገፊያ የሚያወጡት ጥቂቶቹ ናቸው። የብረት ቶርኖ ለእንጨት ይዘገያል፣ በእጅ የሚያዘው መሮ የሚደገፍበት ነገር የለውም፣ የእንጨት ብናኝም ከዘይቱ ጋር እየተለወሰ ማሽኑን ያበላሻል ይላሉ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ፍጥነቱን ብንመለከት፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እስክሪብቶ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር የላዩ እንጨት ከመሮው ፊት የሚያልፍበት ፍጥነት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአልጋ እግር በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር ካለው ጋር እኩል ነው። ቀጭን ነገር ፈጥኖ መዞር አለበት ማለት ነው፤ የብረት ቶርኖ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 3000 አይደርስም። መፍትሔው መሮውን ከወትሮው ይበልጥ መሳልና በስሱ መፋቅ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይከለክልም። ለመሮው ድጋፍ፣ የማሽኑ መሣሪያ በሚታሰርበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ብረት አግድም ይታሰራል። ለብናኙ ደግሞ የማሽኑ አልጋ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ሲጨርሱ ተጠርጎና ተወልውሎ አዲስ ዘይት ይቀባል። ይህን የማያደርግ እንግዳ ሁለተኛ ጊዜ ባይጋበዝ አይገርምም።

በሌላ በኩል የብረት ቶርኖ የእንጨት ቶርኖ በቀላሉ የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቀዳዳ። እስክሪብቶ የሚበላሸው ሲፋቅ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሲበሳ ነው። በእጅ ድሪል ሲበሱት ፑንታው የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሸሻል፤ በአንደኛው ጫፍ መሃል ገብቶ በሌላኛው ጥግ ላይ ይወጣል። በቶርኖ ላይ ግን የሚዞረው እንጨቱ ነው፤ ፑንታው ቆሞ ይገፋል። ሦስት ጥርስ ባለው መያዣ የታሰረ ክብ እንጨት ራሱ መሃሉን ስለሚያገኝ ፑንታው የመሸሽ ዕድሉ ያንሳል። ቢሸሽ እንኳ ጥፋት አይደለም፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መብሳት፣ ከዚያ መፋቅ ነው። የተበሳው እንጨት በሁለቱ ቀዳዳ አፎቹ ላይ በሾጣጣ ብረት ተደግፎ ሲዞር የሚዞረው በቀዳዳው ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ መሮው ግድግዳውን ከቀዳዳው አንጻር እኩል ያወጣዋል። ከውጭ የጀመረ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራና በመጨረሻው ቀን ሥራው ይፈነዳበታል።

ያለ ኪት የሚሠራው እስክሪብቶ እንዴት ያለ ነው? ቀላሉ መንገድ ከየሱቁ የሚገኘውን ቢክ መጠቀም ነው። ቢክ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚመረት ሲሆን፣ ዋጋው ሁሉ ያለው ጫፉ ላይ በምትሽከረከረው ደቃቅ ኳስና በቀለሙ ቱቦ ነው፤ ፕላስቲኩ መያዣ ብቻ ነው። ቱቦው ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ሆኖም ሠሪው በእጁ ያለውን በካሊፐር ይለካ እንጂ በወሬ አይመን። ችግሩ ቀጭን ፑንታ አጭር መሆኑ ነው። 3.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ተራው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ መያዣው የሚውጠው ሲቀነስ የሚበሳው 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነውን አካል ከፊት በኩል በ3.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል መብሳት፣ ከዚያ እንጨቱን አዙሮ ከኋላ በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ የቀረውን ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል መብሳት ነው። ሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል ላይ ሲገናኙ ትንሽ ቢዛነፉ ሰፊው ጠባቡን ስለሚውጠው ቱቦው አይቸገርም። በየሴንቲ ሜትሩ ፑንታውን እየመለሱ ብናኙን ማውጣት ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ፑንታው ይግላል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይሰነጠቃል። የፊተኛው አፍ የጫፉ ወፍራም አንገት ጠበቅ ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ በጥቂቱ ይሰፋል፤ ቱቦው በአካሉ ልክ ከኋላው ይቆረጣል። ለዚህ ሙሉ ቢክ ሳይሆን ጥቂት የተጻፈበት ቢወሰድ ቀለም አይፈስም። ደግሞም ቀለሙ ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የፕላስቲኩ ቢክ ጎን ላይ ያለችው ደቃቅ ቀዳዳ ለዚሁ ናት፤ የእንጨቱ እስክሪብቶ ኋላው በቁራጭ ሲደፈንም የመርፌ ያህል መተንፈሻ ይተውለት።

እንጨቱን በተመለከተ የአገራችን ሰው ከብዙዎቹ ፈረንጆች የተሻለ ዕድል አለው። ለጀማሪ የምመርጠው ወይራ ነው። ለምን ቢባል ክብደቱ ከዋንዛ እጥፍ ያህል ነው፤ ጅማቱ ደቃቅ ስለሆነ ጠርዙ ቶሎ አይነቀልም፤ ቡኒውና ጥቁሩ መስመርም ያለ ቀለም ያምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለጋንና ለእርጎ ዕቃ ማጠኛ ተብሎ በየገበያው ተፈልጦ ይሸጣል። ከዚያ እስር ውስጥ ቀጥ ያለ፣ ያልተሰነጠቀና የደረቀ አንድ ፍልጥ ከተገኘ ብዙ እስክሪብቶ ይወጣዋል። እርጥብ ከሆነ ጫፎቹን የንብ ሰም ቀብቶ ጥላ ውስጥ ወራት ማስቀመጥ ነው፤ ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም። ዋንዛ ለመፋቅ ቀላል ነው፤ በቀጭን ሥራ ላይ ግን ለስላሳነቱ ራሱ ችግር ነው፤ ጠርዙ ይሰባበራል፣ ጥፍር ይጽፍበታል።

ያልታሰበበት ግን የቡና እንጨት ነው። በጅማ፣ በሲዳማና በጌዴኦ ያረጀ ቡና ምርቱን ለማደስ ከሥሩ ይጎነደላል፤ ግንዱ ብዙ ጊዜ ማገዶ ይሆናል። የቡና እንጨት ነጣ ያለ፣ ደቃቅና ጥብቅ ነው። ለጠረጴዛ አይበቃም፤ ለእስክሪብቶ ግን ልኩ ነው። ቅርንጫፉ ሙሉ ክብ ሆኖ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው እርጥበቱ እየሄደ ውጩ መሃሉን ሲያጠብቀው ነው፤ እስክሪብቶ ሠሪ ደግሞ ያንን መሃል በፑንታ አውጥቶ ይጥለዋል። ጫፉ በሰም ተዘግቶ ቀስ ብሎ የደረቀ የቡና ቅርንጫፍ ስለዚህ ሊታመን ይችላል። የቡና አገር ነን እያልን በቡና እንጨት የሚጽፍ ሰው አለማየታችን ይገርመኛል።

«ታዲያ ደን አታስጨርሱ» የሚለው ተቃውሞ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ በ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ተጠቅሰው ተከልክለው ነበር፤ ክልከላው የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የወይራ ዛፍም ቢሆን በከሰልና በማጠኛ ምክንያት በየቦታው ተመናምኗል። ለእስክሪብቶ ብሎ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ካለ ጥፋተኛ ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ ዛፍ አይፈልግም። ከአንድ የተጣለ አሮጌ የዋንዛ በር ወይም ከተሰበረ የጽድ ወንበር የሚወጣው ቁራጭ ለዓመት ይበቃል፤ ከአናጢ ቤት ወለል የሚለቀመውም እንዲሁ። እንዲያውም በእንጨት ሥራ ውስጥ ትርፍራፊ ብቻ እየበላ መኖር የሚችል ሙያ ቢፈለግ ከዚህ የሚቀድም አላውቅም።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሊታለፍ አይገባም። ብዙ ሰው አሮጌ ሞረድ ስሎ መሮ ያደርጋል። ሞረድ በጣም ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን የብርጭቆ ነው፤ የሚዞር እንጨት ሲይዘው ተሰብሮ ፊት ላይ ይበራል። ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የተሠራ፣ በሚገባ ተነክሮ ኋላ በእሳት የተለሰለሰ መሮ ይሻላል፤ ይህን የሚሠራ ቀጥቃጭ ደግሞ አይጠፋም። ያገለገለ የውጭ መሮ ለሚፈልግ መርካቶ ምናለሽ ተራ አለ። ወፍራሙን ለማንሳት አንድ ጎድጓዳ መሮ፣ ለማለስለስ አንድ ጠፍጣፋ በቂ ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ጓንትና ቀለበት ከቶርኖ አጠገብ አይቀርቡም፤ ረጅም ፀጉር ይታሰራል፤ ዓይን በመነጽር፣ አፍንጫ በጥሩ ማስክ ይሸፈናል። ቶርኖ ጨርቅ ከያዘ የሰውየውን ጉልበት አይጠይቅም።

የመጨረሻው ማለስለስ ትዕግሥትን የሚለካው ክፍል ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ከ150 ይጀመራል፣ ወደ 240፣ 320፣ 400 እያለ እስከ 600 ይወጣል፤ ደረጃ የዘለለ ሰው የሻካራውን ወረቀት ጭረት ቀለም ሲቀባ ያገኘዋል። በየደረጃው ቶርኖውን አቁሞ በእንጨቱ ርዝመት ጥቂት ማሸት ክብ ክቡን ጭረት ያጠፋል። ቅባቱም ከቤት ነው፤ የተልባ ዘይት በጣም በስሱ ተቀብቶ ለቀናት ይደርቃል፤ ከዚያ የንብ ሰም በሚዞረው እንጨት ላይ ተጭኖ በጨርቅ ሳይሆን በወረቀት ይታሻል። ጨርቁን ማሽን ቢይዘው ጣት አብሮ ይሄዳል፤ ወረቀት ግን ይቀደዳል። ውጭ አገር ብዙዎቹ ሱፐር ግሉ ደራርበው እንደ መስታወት ያደርጉታል። ያብረቀርቃል፣ ይበረክታል፤ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ ወይራውም ፕላስቲክ ይመስላል። የጣዕም ጉዳይ ነው፤ እኔ ሰሙን እመርጣለሁ።

ዋናው ተቃውሞ ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ቢክ በጥቂት ብር እየተሸጠ ለምን? እውነት ነው፣ በገንዘብ ከተሰላ አያዋጣም። ሆኖም ትርፍ ጊዜ በገንዘብ አይሰላም፤ ኳስ የሚጫወት ሰው ስንት አተረፍክ ተብሎ አይጠየቅም። ከዚህ በስተጀርባ የቆየ ንቀት ያለም ይመስለኛል። የእጅ ሥራ የድሀ ነው፣ የተማረ ሰው አቧራ አይነካም የሚለው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ንቀቱ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖሯል። የሚገርመው ብዕርን በተመለከተ አገሩ ሌላ ልማድ ነበረው። በብራና ላይ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ብዕሩን ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ራሱ ቀርጾ፣ ጫፉን ራሱ ሰንጥቆ፣ ቀለሙንም ራሱ በጥብጦ ይጽፍ ነበር። የሚጽፍበትን ራሱ የሠራ ጸሐፊ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ኪቱ ነው።

መብራት ቢጠፋስ የሚለውም ይነሳል፤ አቃቂ ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት አይነሳም። ቶርኖ ከመብራት በፊት የነበረ መሣሪያ ነው። በግብፅ በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተቀረጸው ሥዕል አንዱ ገመድ እየሳበ እንጨት ሲያዞር ሌላው ሲፍቅ ያሳያል። በማራኬሽ ዛሬም በደጋን ገመድ እያዞሩ፣ መሮውን በእግር ጣት ጭምር እየመሩ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ማሽን ማስገባት ከጎረቤት ያጣላል፤ የደጋን ቶርኖ ግን ሁለት እንጨት፣ ሁለት ሾጣጣ ብረትና አንድ ገመድ ነው፤ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ አይጮኽም። ቀዳዳውን በሠፈሩ ቶርኖ ቤት አስበስቶ መፋቁን ቤት መሥራት ይቻላል። ለባለ ቶርኖውም ይሻለዋል፤ ማሽኑ ለሰዓታት አይያዝበትም፣ ብናኙም ወለሉ ላይ አይቀርም፤ አንድ ቀዳዳ የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ ዋጋውም በቀዳዳ ሊሆን ይችላል።

ኪት በጭራሽ አይምጣ አልልም። አዙሮ የሚያስገባና የሚያወጣውን ስልት፣ የኪስ መያዣውንና ጫፉን ቤት ውስጥ በዚያ ጥራት መሥራት አይቻልም፤ ለሰርግ ወይም ለምረቃ የሚሰጥ እስክሪብቶ ላይ ደግሞ እነዚህ ይፈለጋሉ። የወይራ ግድግዳን ሳይሰነጠቅ ማሳሳት የለመደ እጅ ግን ኪት ሲያገኝ አያባክነውም፤ ገና የሚማር እጅ ሁለት ሦስቱን ይሰብራል፣ የተሰበረውም ከባሕር ማዶ የመጣው ነው። ኪት የሚያዝዝ ሰው ለሚያመጣለት ዘመድ አንድ ነገር ጨምሮ ይጻፍለት። ፑንታውን እዚህ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ከእንጨቱ ጋር ዘንግ ላይ የሚሰኩትን የመለኪያ ቀለበቶች ግን ለዚያው ኪት የተሠሩትን አብሮ እንዲገዛ፤ የኪቱ ዓይነት ሲለወጥ ልካቸውም ስለሚለወጥ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።